ጮክ ብዬ ያነበብኩት ወረቀት

የወጣሁ ለት እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም። ሰዓት እላፊው እስኪነሳ ጠብቄ፣ ገና ሳይነጋጋ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ወረድኩ። የእንጦጦ ብርድ ጀርባዬን ይገፋኛል። በእህቴ በር ሳልፍ አላንኳኳሁም። ምን ልበላት? እዚህ ካርቱም ያለ ሐበሻ ሁሉ ደርግ አሰደደኝ ይላል፤ እኔም ለሰው እንደዚያው እላለሁ። እናንተን ግን አልዋሽም። ያሰደደኝ አፌ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አምስት ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ሁላችንም በአንድ ድምፅ እየጮህን ነበር የተማርነው። ያለ ድምፅ ማንበብ የሚባል ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር።

ያኔ ሶስና የምትባል የዩኒቨርሲቲ ሰው ወደ ሰፈራችን መጣች። በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ዘመዳቸው ስለሚደፈሩ ሴቶች ታጠናለች። ቀበሌው እኔን መንገድ መሪ አድርጎ ሰጣት። የእህቴ ልጅ አስቴር ቦኖ ውሃ ላይ አግኝታት፣ «ለማላውቀው ሰው አልናገርም፤ ለጋሼ ከሆነ ግን እናገራለሁ» አለቻት። ሶስና አመነታች። በኋላ የጥናቷን የጥያቄ ቅጽ ሰጠችኝ።

«ብቻችሁን ሁኑ። ስም አትጻፍ። ማንም እንዳይሰማ።»

እሺ አልኳት። ኮራሁ እንጂ አልፈራሁም።

የአስቴር እንጀራ አባት ሸማ ሠሪ ነው፤ ቤቱ ይውላል፣ እሷንም ከውሃ በቀር ከደጅ አያሳልፋትም። እሱ ከመጋረጃው ወዲያ ይሠራል፣ እኛ ከወዲህ ተቀመጥን። «የሸማው መወርወሪያ እስከተንኳኳ ድረስ አይሰማም» አለችኝ። በጆሮዬ እያንሾካሾከች ነገረችኝ። ያለችኝን ቃል በቃል ጻፍኩ። ከዚያ እንደ ትምህርት ቤቱ ልማዴ፣ መሳሳት አለመሳሳቴን ለማየት ጣቴን ከፊደሉ ሥር አደረግኩ።

«ያስ...ገደደሽ ማን ነው? የእን...ጀራ አባ...ቴ።»

አስቴር አፌን በመዳፏ ከደነችው። መወርወሪያው ቆሞ ነበር።

በነጋታው ልጅቷ የለችም።

«ገጠር፣ ዘመድ ጋ ሄደች» አለች እህቴ፣ ዓይኗን ከምድጃው ሳታነሳ።

«የትኛው ዘመድ? ዘመዶቿ እኛው አይደለን እንዴ?»

«አንተ ደግሞ ማንበብ ቢቀርብህ ምን ነበረበት?»

ከሶስና ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። መቶ አለቃው ሻዩን እያማሰለ፣ «ተበዳይዋን አምጡልኝ» አለን። የጠፋችውን ልጅ አምጡ ማለቱ ነው። ሶስና አለቀሰች። ቅጹ እጇ ላይ አለ፤ ቁጥር እንጂ ስም የለበትም። ሳምንት ሳይሞላ የአስቴር እንጀራ አባት «ፀረ አብዮት ወረቀት ይጽፋል» ብሎ ቀበሌ ከሰሰኝ። የአብዮት ጥበቃዎች ሁለቴ መጥተው አጡኝ። ሦስተኛውን አልጠበቅኩም።

በመተማ በኩል በእግሬ ወጣሁ። ሱዳን ገብቼ ገዳሪፍ ላይ የስደተኛ መዝጋቢው በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«ለምን ወጣህ? ፖለቲካ ነው ጦርነት?»

«ወረቀት አንብቤ።»

«የተከለከለ ወረቀት?»

«በእኛ ቤት፣ አዎ።»

አስተርጓሚው ግንባሩን አሻሸ። «ፖለቲካ ብዬልሃለሁ። በቃ ዝም በል!»

ካርቱም እሳት ናት። ኪስራ የሚሉት ምግባቸው እንጀራ ይመስላል፣ ግን ዓይን የለውም፤ ወጡ ይንሸራተትበታል። ጎረቤት ቢታመም የሚነግረኝ የለም፤ እኔም ብታመም የሚሰማ የለም። ማታ ማታ ብቻዬን ያለ ድምፅ ማንበብ ተማርኩ። አከራዬ ሐጂ ዑስማን አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣ «ከንፈርህ እንኳ አይነቃነቅም፤ እውነት ታነባለህ ወይስ ኪራይ ሲደርስ ታስመስላለህ?» አለኝ። ሳቅኩለት። ይህችን ከአራት ዓመት በፊት አውቄ ቢሆን ኖሮ።

ባለፈው ወር በደብዳቤ ተቀጣጥረን እህቴ በሰፈራችን ሱቅ ወዳለው ስልክ መጣች። እኔ እዚህ ካርቱም ፖስታ ቤት ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፌ ነበር። ደብዳቤ ላይ የማይጻፍ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃት ነው፦ አስቴር የት ናት? በሕይወት አለች?

«ሃሎ! አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

ከኋላዋ የወንድ ሳል ሰማሁ። ያን ሳል ከመጋረጃ ወዲያ አውቀዋለሁ። ጥያቄዬ ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

«ዝናቡ ገባ?» አልኳት።

ትንፋሿ ወደ ስልኩ ሲቀርብ ሰማሁ።

«ገባ» አለች ቀስ ብላ። «በእሷ መደብ በኩል ያፈሳል፤ የሚተኛበት ስለሌለ አልተደፈነም።»