የኛቹዎል ቅል

ኛቹዎል አማርኛ የተማረችው ፖሊስ ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ። መጀመሪያ የያዘቻት «ነገ ተመለሺ» የምትለዋን ነበር፤ ከዚያ «ፋይሉ አልተገኘም»፣ ቀጥሎ «አለቃ ስብሰባ ላይ ናቸው»። ሌላው ሰው ቋንቋ ሲማር ከሰላምታ ይጀምራል። እሷን ሰላም የሚል ስላልነበረ በዚያው ገባችበት።

ኢታንግ ገበያ ደረቅ ዓሣ ትሸጣለች። በወር አንድ ቀን የእርዳታ እህል አራግፎ የሚመለስ መኪና ላይ ትሳፈርና ጋምቤላ ትወርዳለች። አቧራዋን አራግፋ፣ የራሷን ውሃ በቅል ይዛ፣ የወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ነው። የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ፤ ልጄን ኮንግን የገደለው ማን ነው?

ኮንግ በ1976 ዓ.ም. ዓሣ ይዞ ከተማ እንደገባ፣ መታወቂያ የለህም፣ ከድንበር ማዶ የመጣህ ነህ ተብሎ ተያዘ። በሦስተኛው ቀን ሊታጠብ ባሮ ወርዶ ውሃ ወሰደው አሏት። ወይ ጉድ! መራመድ ሳያውቅ መዋኘት ያወቀን ልጅ! ሬሳውን ያጠበችው ራሷ ናት። እጁን አንጓው ላይ ገመድ በልቶታል፣ ማጅራቱ ተሰብሯል። ይህን በዓይኗ ያየች እናት እንዴት አድርጋ እሺ ትበል? «ውሃ ወሰደው» የሚል ወረቀት አዘጋጅተው፣ ጣትሽን አሳርፊበትና ጉዳዩ ይዘጋ ቢሏት፣ እጇን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ እምቢ አለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱም አልለቀቀም፣ እሷም አልለቀቀችም።

የሚያስተረጉምላት ሩአች የሚባል ፖሊስ ነበር፤ እንደሷው ኑዌር፣ የወንዟ ልጅ። «እናቴ» ይላታል። ጥላው ወደ ዞረበት ወንበሩን ይስብላታል። እሷ ያለችውን ለአለቆቹ፣ አለቆቹ ያሉትን ለእሷ ያደርሳል። በዚያ ግቢ የምታምነው ሰው ቢኖር እሱ ነበር። ደገኞቹን ግን እጅ እጃቸውን ታያለች፤ የትኛው እጅ ይሆን እያለች።

ከጣቢያው እንስራ አንድ ቀን ውሃ ቀምሳ አታውቅም። በኑዌር ደንብ ደም መሃል ከገባ፣ ገዳይና የሟች ዘመድ ዕርቅ ሳይወርድ በአንድ ዕቃ አይበሉም፣ አይጠጡም። የቀመሰ ይሞታል። ካድሬዎቹ ይሄን ኋላቀር ልማድ ነው ብለው በየስብሰባው ሲያወግዙት ሰምታለች፤ ያወግዙት። እሷ ጸሎት ቤቷ እስኪታሸግ ድረስ እሑድ ቀርታ የማታውቅ ክርስቲያን ናት፤ የደሙን ነገር ግን ማንም አላስተዋትም። ገዳዩን ሳላውቅ ከማን ጣሳ ነው የምጠጣው ብላ ቅሏን ይዛ ትዞራለች።

ሃምሳ አለቃ ሙሉብርሃን ከደጋ ተዛውሮ የመጣው ኮንግ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ገና በመጣ ሰሞን ውሃ በጣሳ ቀድቶ ሰጣትና አልቀበልም አለችው። ምን ሆና ነው ቢለው፣ ሩአች ጾም ይዛ ነው አለው። «ጴንጤ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ረቡዕ የሚጾመው?» ብሎ ሳቀና ተወው።

በሦስተኛው ዓመት መጋቢት ላይ የከተማው ውሃ መሳቢያ ሞተር ተበላሸ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ የጣቢያው እንስራ ደርቋል። ኛቹዎል የዚያን ቀን የመጣችው ልታቆም ነበር። ጉልበቷ አልቋል፤ ይሄ ሁሉ ምልልስ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆኖባታል። ጣቴን ላሳርፍላቸውና ይብቃኝ፣ ልጄም ይረፍ ብላ ቆርጣለች።

ሃምሳ አለቃው ወረቀቱን ፈልጎ ሲያወጣ አቧራው አነቀው። ሳል ያዘው፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አሳዘናት። እሱ ኮንግ ሲሞት እዚህ አልነበረም፣ እጁ ንጹሕ ነው። ቅሏን አቀበለችው። ጠጣና «እግዜር ይስጥልኝ እማማ» ብሎ፣ ከፓትሮል በእግሩ ለተመለሰው ለሩአች አሻገረለት።

ሩአች ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። እጁን ወደ ኋላ አደረገ። አልጠማኝም አለ።

ሃምሳ አለቃው በል ጠጣ አለው። ሩአች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

ኛቹዎል ቀና ብላ አየችው። ያቺን የጾም ውሸት አስታወሰች። ከእሷ ጋር ሦስት ዓመት ሲመላለስ አንዴ እንኳ በእጇ ያለ ነገር ነክቶ እንደማያውቅም አሁን ገና ታያት። ደንቡን የማያውቅ ደገኛ ቢሆን ግጥም አድርጎ ጠጥቶ አፉን ይጠርግ ነበር። ጥያቄዋን ሁሉ ወደ አለቆቹ ስታደርስ የኖረችው በዚህ ሰው አፍ ነው።

በኑዌርኛ፣ ቀስ ብላ፣ «ጠጣ እንጂ ልጄ» አለችው።

«አልችልም፣ እናቴ።»

«ምን አለችህ? ምን አልካት?» አለ ሃምሳ አለቃው፣ ወደ አስተርጓሚው ዞሮ። ሩአች ማስተርጎም አቃተው። ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«አልጠጣም አለ» አለች ኛቹዎል፣ በዚያችው በወንበር ላይ አማርኛዋ። «ልጄን የገደለ እሱ ነው። ጻፍ።»

ሙሉብርሃን ሩአችን አየው። እንዲክድለት ጠበቀ። ሩአች አልካደም።

«እማማ፣ ምን ብዬ ልጻፍ? ውሃ አልጠጣም አለ ብዬ? የትኛው ዳኛ ነው ይሄን የሚቀበለኝ?»

ደስ አላላትም። ሦስት ዓመት ስትፈልገው የኖረችውን አግኝታ ድካም ብቻ ነው የተሰማት። ዳኛው ምን እንደሚል ለማሰብ አቅም አልነበራትም።

«እንደሱ ጻፍ። ውሃ አልጠጣም አለ።»

ሃምሳ አለቃው ያንን የድሮውን ወረቀት ወደ ጎን አድርጎ አዲስ አወጣ። ጽፎ አነበበላት። ደግመህ አንብብ አለችው፤ ደገመላት። የኮንግ ስም አለ፣ የሩአች ስም አለ፣ ውሃው አለ። ኛቹዎል ያኔ ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ የነፈገቻቸውን እጇን አንስታ አውራ ጣቷን ዘረጋችለት።