በመዝገቡ ላይ ያልተጻፈው ሥር

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ዳባት ውስጥ ድጓ ያስተምራሉ፤ ስማቸው የወጣው ግን በወፍ በሽታ መድኃኒታቸው ነው። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሁሉ እሳቸው ደጅ ይቆማል። ሥሩን የሚምሱት ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ነው፤ እቤታቸው እስኪመለሱም ለማንም ቃል አይተነፍሱም። የሥሩ ስም ከተጠራ መድኃኒቱ ይረክሳል። አባታቸው ስሙን የነገሯቸው ሊሞቱ ሲያጣጥሩ ነበር፤ እሳቸውም ለበኩር ልጃቸው ለዘመነ የሚነግሩት እንደዚያው ነው።

ዘመነ አርባ ዓመት ሞልቶታል። እኩዮቹ መተማና ሁመራ ወርደው ሠሩ፣ ጎጆ ወጡ። እሱ የሥሩን ስም ሲጠብቅ አባቱ ጓሮ ቀረ። እኔ በበኩሌ ያሳዝነኛል።

አምና ጤና ጽሕፈት ቤቱ የባህል ሐኪሞችን ሰብስቦ ሁለት ቀን አሠለጠነ። መሪጌታ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» እያሉም ቢሆን ሄዱ። ለእያንዳንዳቸው መዝገብ ታደላቸው፦ የታማሚው ስም፣ ቀኑ፣ የተሰጠው ዕፅ። መሪጌታ በዚያ በሚያምር የቁም ጽሕፈታቸው ሞሉት። ሦስተኛው ዓምድ ግን ከላይ እስከ ታች «ዕፅ፣ ዕፅ፣ ዕፅ» ይላል።

ዘንድሮ ጎረቤታቸው ገበያነሽ ታማ መድኃኒቱን ወሰደች። የሦስት ቀኑን፣ ለጥምቀት ልዳን ብላ፣ ባንድ ጧት ጨለጠችው። ሲያስመልሳትና ሲያስቀምጣት አርፍዶ ራሷን ስታ ደባርቅ ሆስፒታል ተወሰደች። መሪጌታም መዝገባቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ከዘመነ ጋር ደረሱ።

ሐኪሟ ዶክተር እየሩስ መዝገቡን ገልጣ ቀና አለች።

«መሪጌታ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ዕፅ ነው ልጄ።»

«የምን ዕፅ? ካልነገሩኝ በግምት ነው የማክማት። ልትሞትብን ትችላለች።»

መሪጌታ አልጋው ላይ የተዘረረችውን ሴት አዩ። ልጃቸውንም አዩ።

«ለብቻሽ ልንገርሽ።»

«ጊዜ የለንም፤ እዚሁ ይንገሩኝ።»

«እንዶድ» አሉ። «የእንዶድ ሥር።»

ነርሷ ጻፈች። ሐኪሟም ወደ ሥራዋ ዞረች። አመሻሹ ላይ ገበያነሽ ዓይኗን ገልጣ ውኃ ጠየቀች። መሪጌታ አማተቡ። ዘመነ አፉን የፈታው ያኔ ነው።

«አባዬ፣ እናቴ ልብስ የምታጥብበት እንዶድ? አጥራችን ላይ ያለው?»

«አዎ።»

«እኔ ሰው ሳልሆን የቀረሁት ለሱ ነው?»

መሪጌታ ቅኔ የማይነጥፍባቸው ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን መዝገቡን አንሥተው መልሰው በብብታቸው ሸጎጡት።