የወንድሜ የክርስትና ስም

ልጅ እያለሁ፣ ቂርቆስ ሰፈር ካሉት የክርስቲያን ልጆች መሃል አንገቱ ላይ ማተብ ያልነበረው ወንድሜ ንጋቱ ብቻ ነበር። እኔን እማዬ ደብቃ አስጠምቃኛለች፤ አባዬ ሲሰማ ወር ሙሉ አኮረፈ አሉ። የባዮሎጂ አስተማሪ ነበር፤ በተማሪነቱ ዘመን እግዜርን ትቶ ወጥቶ ተመልሶ ያልፈለገው ሰው። ንጋቱ ሲወለድ «ይሄኛው አድጎ ራሱ ይምረጥ» ብሎ እማዬን ቃል አስገባት። እሷም የቤቷን ሰላም ወዳ ነው መሰለኝ እሺ አለች።

አባዬ ክፉ እንዳይመስላችሁ፤ ኧረ ደግ ነበር! ቅዳሜ ቅዳሜ እኔንና ንጋቱን ግራና ቀኝ ይዞ እስከ ስታዲየም በእግር ይወስደንና የተጠበሰ በቆሎ ይገዛልናል። ያ ሽታ ዛሬም ያውደኛል። አጥብቆ የሚጠላው ነገር ውሸት ነበር። «ያላየሽውን አየሁ አትበይ» ይለኛል፣ ጆሮዬን ቆንጠጥ አድርጎ። ይቺን ያዙልኝ።

ንጋቱ አምስት ዓመት ሊሞላው ሲል ማጅራት ገትር ያዘውና በሦስተኛው ቀን ሞተ። በማግስቱ የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ፣ የእማዬ የነፍስ አባት መጡ። አረፍ እንኳ ሳይሉ «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ለፍትሐት ስም ያስፈልጋል፤ ያልተጠመቀ ልጅ ደግሞ ፍትሐት የለውም። እማዬ ልጇ እቅፏ ላይ ሲሞት ያላወጣችውን ጩኸት ያኔ አወጣችው። «ቂርቆስ እንኳ ሕፃን ሆኖ እሳት ውስጥ ሲገባ ከእናቱ ጋር ነበር! የኔ ብቻውን የት ልግባ ይበል? ለሰላሜ ብዬ ልጄን በር ላይ አስቀረሁት!» እያለች ደረቷን ስትደቃ አራት ሴቶች ሆነው ሊይዟት አልቻሉም።

«ተጠምቋል» አለ አባዬ፣ ከቆመበት ጥግ። «እናቴ ልትጠይቀን የመጣች ጊዜ፣ አንቺ ሥራ ሳለሽ፣ እዚሁ ቂርቆስ ወስዳ አስጠምቃዋለች። ማተቡን የበጠስኩት እኔ ነኝ። ስሙ አምደ ሚካኤል ነው።» አያቴ ከሞተች ዓመት አልፏት ስለነበር ሄዶ የሚጠይቃት የለም። እማዬ አፈጠጠችበት። ልታምነው ፈልጋለች፣ ፈርታለችም። ያኔ ወደ እኔ ዞረ። «ሂሩትም አይታለች። አይደል ሂሩትዬ?»

አላየሁም። እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ቀና ብዬ ሳየው ግን ዓይኑ ይለምነኛል፤ አባቴ ሰው ሲለምን ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። «አዎ፣ አይቻለሁ» አልኩ። አሥር ዓመቴ ነበር።

ፍትሐቱ ተደረገ። አባዬ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር አጅቦ መጣና ከውጪ ግንቡን ተደግፎ ቀረ። ከዚያ ወዲያ እማዬ በየወሩ በአሥራ አምስት፣ በቂርቆስ ዕለት፣ ጧፍ ይዛ ትሄዳለች። አምደ ሚካኤልን አስባ ስትመለስ ፊቷ ቀለል ይላል፤ እህልም ትቀምሳለች። አባዬ ግን እየከሳ ሄደ። ሰው «እግዜር ያጽናህ» ሲለው «አመሰግናለሁ» ይላል፣ በቃ። አንድ ቅዳሜ እንደ ልማዱ ስታዲየም ወሰደኝና ሳያስበው ሁለት በቆሎ ገዛ። አንዱን ለእኔ ሰጥቶ ሌላውን እንደያዘው ቀረ። «እናትሽ የምትሄድበት አላት። እኔስ የት ልሂድ?» አለኝ። በቆሎዬን በላሁ።

ዓመታት አልፈው፣ ሰፈራችን ፈርሶ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ከገባን በኋላ፣ አባዬም ሞተ። እማዬ «የተጠመቀ ሰው ነው፣ ያለ ፍትሐት አልሸኘውም» አለች። ቄሱ የክርስትና ስሙን ሲጠይቁ «እንጃ አባቴ፣ ረሳሁት ነበር የሚለኝ» አለቻቸው። ታላቅ እህቱ ከደብረ ብርሃን መጥታ አጠገባችን ተቀምጣለች። «ምን ይረሳል! አምደ ሚካኤል ነው እንጂ» አለች አክስቴ፣ እንባዋን እየጠረገች።

እማዬ አላለቀሰችም። ዞራ ያየችው አስከሬኑን ሳይሆን እኔን ነው። አባዬ ንጋቱ በተቀበረበት ቀን የሚያውቀውን አንድ የክርስትና ስም፣ የገዛ ራሱን፣ ለልጁ ሰጥቶት ነበር። ሠልስቱ ካለፈ በኋላ «አይቻለሁ ብለሽኝ ነበር» አለችኝ። አለመቆጣቷ ነው የገደለኝ።

ያኔ ክፉ ቀን ነበር፤ ቢሆንም ከሁለቱ ወላጆቼ አንዷ እንኳ የምትጽናናበት ነበራት። ዛሬም ወር በገባ በአሥራ አምስት ከጎተራ ታክሲ አሳፍሬ ቂርቆስ አመጣታለሁ፤ እግሯ ልማዱን አልተወም። አትገባም ግን። ጧፏን ሳታበራ እንደያዘች፣ አባዬ ተደግፎት የነበረውን ግንብ ተደግፋ ትቆማለች። «እማዬ፣ ግቢ እንጂ» እላታለሁ።

«ገብቼስ ማን ብዬ ልጥራው?» ትለኛለች።