የክብር እንግዶች ጉድጓድ

ትምህርት ቤታችን ክበብ አጥቶ አያውቅም። የሥነ ዜጋ ክበብ ነበረን፤ የፀረ ኤድስ፣ የትራፊክ፣ የሚኒ ሚዲያ፣ የሥርዓተ ጾታና የአካባቢ ጥበቃ ክበብም ነበሩን። ስማቸው በቢጫ ቀለም ተጽፎ ከዳይሬክተሩ ቢሮ በር በላይ ተሰቅሏል። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ የዶርም ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ቤቶቻቸው ሲያወሩ ብዙዎቹ በክበቦቻቸው ይኮራሉ። እኔ የማንንም ልፋት ማንኳሰስ አልፈልግም፤ ነገር ግን የኛን ትምህርት ቤት ስኬት በቅርብ ሆኜ ስላየሁት ስኬት የሚለውን ቃል ስሰማ አፌን ይመረኛል።

በቅርብ ያየሁት የሚኒ ሚዲያ አባል ስለነበርኩ ነው። ሳልቸኩልና ቃል ሳልውጥ ስለማነብ በየሰልፉና በየበዓሉ መርሐ ግብር የማስተዋውቀው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ የበዓል ኮሚቴ ሲሰበሰብ እኔም ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ፤ የማነበውን ወረቀት እስኪሰጡኝ ድረስ የሚሉትን ሁሉ እሰማለሁ።

ግቢያችን መርካቶ ነው፤ ከጭድ ተራ ብዙም አይርቅም። ከአጥሩ ማዶ ቀኑን ሙሉ የጭነት መኪና ያራግፋል፤ ተሸካሚዎች «መንገድ! መንገድ!» እያሉ ያልፋሉ። ግቢው ጠባብ ነው፤ ያውም ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶውን ያስለበሱት ሶማሌ ተራ የሕንፃ መሣሪያ በጅምላ የሚሸጡ አንድ የተማሪ ወላጅ ናቸው። በክረምት ልጆቹ ጭቃ ውስጥ እንዳይዳክሩ አስበው ያደረጉት ነውና በእሳቸው ላይ ምንም አልልም። የሚገርመኝ የኛ ነገር ነው። ሥራው እንዳለቀ «ግቢ ማስዋብ መቶ በመቶ ተጠናቀቀ» ተብሎ ሪፖርት ተላከ፤ በምረቃው ቀን ከፊት ተሰልፎ ያጨበጨበው ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ነበር። ዛፍ መትከል ሥራዬ ነው የሚል ክበብ አፈሩ ሲሸፈን ቆሞ አጨበጨበ።

ሳይሸፈን የቀረው ከባንዲራው ምሰሶ አጠገብ ያለ፣ አንድ ፍራሽ እንኳ በወጉ የማይነጠፍበት መሬት ብቻ ነበር። መሐሉ ላይ አንድ ጉድጓድ አለ። በየዓመቱ ሰኔ ላይ የወላጆች ቀን ሲከበር ከበላይ መሥሪያ ቤት የክብር እንግዳ ይመጣል። እንግዳው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ችግኝ ይተክላል፤ ፎቶ ይነሣል፤ ይሄዳል። ችግኙ ክረምቱን እንደምንም ይከርምና ኅዳር ላይ ይደርቃል። ሰኔ ሲመለስ ዘበኛው ደረቁን ነቅለው ጉድጓዱን ያጸዳሉ፤ ሌላ እንግዳ መጥቶ ሌላ ችግኝ ይተክላል። ፎቶዎቹ በዳይሬክተሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተደርድረዋል። እንግዶቹ ይለያያሉ፤ ያጎነበሱበት ጉድጓድ ግን አንድ ነው። በሪፖርቱ ላይ የተተከለው ሁሉ በየዓመቱ ይደመራል። የደረቀ አይቀነስም።

አሥራ አንደኛ ክፍል ስንገባ ከአንዲት ልጅ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተመደብኩ። ቤታቸው ጭድ ተራ ነው፤ ጭድ ግን አይሸጡም፤ የእናቷ ሱቅ የፕላስቲክ ባልዲና ጆግ ነው የሚሸጠው። የክበብ ምዝገባ ቀን አርፍዳ ስለመጣች ቦታ የተረፈው አካባቢ ጥበቃ ውስጥ ብቻ ሆነ። ሌላው ሰው እንዲህ ሲሆን ስሙን አስመዝግቦ ይረሳዋል። እሷ ግን በመጀመሪያው ሳምንት የክበቡን ተጠሪ፣ የጂኦግራፊ መምህራችንን፣ ኮሪደር ላይ አስቆመቻቸው።

«ቲቸር፣ ክበባችን የሚጠብቀው የቱን አካባቢ ነው?»

«ዕቅዱ ሲመጣ ይነገራችኋል» አሏት።

ዕቅዱ እስኪመጣ አልጠበቀችም። ባለፈው ሰኔ የመጡት እንግዳ የተከሉትን የግራቪሊያ ችግኝ ሄዳ አየችው። ቅጠሉ መጠውለግ ጀምሯል። አፈሩን በእጇ ጫር ጫር ስታደርገው ችግኙ ከነጥቁር ፕላስቲኩ ተቀብሮ አገኘችው። እንግዳው እጃቸውን አፈር እንዳይነካው ፕላስቲኩን ሳይቀዱ ነበር የተከሉት፤ ከበዋቸው ከቆሙት መምህራን አንዱም «ይቅርታ፣ ይቀደድ» ለማለት አልደፈረም። እሷ ነቀለችው፤ ፕላስቲኩን ቀዳ ጣለችና መልሳ ተከለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሱቃቸው ተሰንጥቆ የማይሸጥ ጆግ አምጥታ ጠዋት ጠዋት ከሰልፍ በፊት ታጠጣው ጀመር። የቧንቧው ውሃ በጠፋ ቀን ከቤቷ በጠርሙስ ይዛ ትመጣለች።

ወንዶቹ ወዲያው ስም አወጡላት።

«ገበሬዋ! ምርት እንዴት ነው ዘንድሮ?»

«ማዳበሪያ አጥሮኛል። ጭንቅላትህን ታውሰኛለህ?»

ሰኔ ሲደርስ ግራቪሊያው ደረቷ ድረስ ደርሶ ነበር። በግቢያችን ተተክሎ ዓመት የደፈነ የመጀመሪያው ችግኝ ነው። አንድ ክበብ ለስሙ የሚመጥን ነገር ሠራ ቢባል ይኸው ነበር። ትምህርት ቤቱ ግን ያልደረቀ ችግኝ ገጥሞት ስለማያውቅ ምን እንደሚያደርገው አላወቀም።

የወላጆች ቀን ሊከበር ሳምንት ሲቀረው ኮሚቴው ተሰበሰበ። ከየክበቡ አንድ አንድ ተማሪ ተጠርቶ ነበርና እሷም አጠገቤ ተቀመጠች። ዳይሬክተሩ መርሐ ግብሩን እያነበቡ ችግኝ ተከላው ላይ ሲደርሱ በመስኮት ወደ ውጭ አዩና ቆሙ።

«ጉድጓዱ ተይዟል እንዴ?»

«አዎ፣ ተይዟል» አሉ የጂኦግራፊ መምህሩ፤ ድምፃቸው ይቅርታ የሚጠይቅ ነበር። «የአምናው አልደረቀም።»

«ለምን?»

እውነቴን ነው፤ ለምን አልደረቀም ብለው ጠየቁ። ማንም አልሳቀም።

«ይቺ ልጅ ታጠጣዋለች።»

ሁሉም ዞረው አዩአት፤ አጥፍታ የተያዘች ትመስል ነበር። አንድ መምህር ዘንድሮ በበርሚል ይተከል አሉ። ሌላዋ መምህርት እንግዳን በበርሚል ማስተከል ንቀት ነው አሉ። በዚህ ላይ ብዙ ተከራከሩ።

«ሲሚንቶውን ትንሽ ሰብረን ሌላ ጉድጓድ ብንቆፍርስ?» አለች እሷ።

«ያስለበሱት ሰውዬ ፊት ለፊት ተቀምጠው?» አሉ ዳይሬክተሩ። «ደግሞ ግቢ ማስዋብ መቶ በመቶ ብለን ልከናል። ዘጠና ዘጠኝ ሆነ ብለን ሌላ ሪፖርት እንጻፍ?»

«ታዲያ ዛፉስ፣ ቲቸር?»

«የቱ ዛፍ? ዕቅዳችን ችግኝ ተከላ ነው የሚለው። ዛፍ ማሳደግ የሚል የለበትም።»

አሁን ተሳቀ። እሳቸው ግን እየቀለዱ አልነበረም፤ ዕቅዱ በእርግጥም እንደዚያ አይልም። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ዘበኛው ግራቪሊያውን እንዲነቅሉት ተወሰነ፤ ከዚያ ስብሰባው የእንግዳው ወንበር ምን ዓይነት ጨርቅ ይልበስ ወደሚለው ተሻገረ። ለወንበሩ ጨርቅ የተሰጠው ጊዜ ለዛፉ ከተሰጠው ይበልጥ ነበር።

ስንወጣ ላጽናናት ብዬ «በቃ ሌላ ትተክያለሽ» አልኳት።

«የት? ኪሴ ውስጥ?»

ትንሽ አሰበችና «ሲሚንቶው የሰውዬው ከሆነ ሰውዬውን እንጠይቃቸዋ» አለች። ከትምህርት በኋላ አብረን ወደ ሶማሌ ተራ ሄድን።

ሰውዬውን አካባቢው ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው። በብረትና በቆርቆሮ መሐል ተቀምጠው በሁለት ስልክ እየተነጋገሩ አገኘናቸው። አንዱን ስልክ ሳይዘጉ ቀና አሉ።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

የእናቷን ስም ነገረቻቸው።

«አሃ፣ የባልዲዋ! እሺ፣ ምን ሆናችሁ?»

«ሐጂ፣ ከትምህርት ቤቱ ሲሚንቶ ላይ ትንሽ ቢሰበር ይከፋዎታል?»

«ምን ሊሆን?»

«ዛፍ ሊተከልበት። ይከፋቸዋል ብለው ዳይሬክተሩ ፈሩ።»

«እኔ ሲሚንቶ ያለበስኩት ጭቃውን ነው፤ ዛፉ ምን አደረገኝ?» ስልኩን ከጆሯቸው አወረዱ። «መሬቱን ገዛሁት እንዴ እኔን የምታስፈቅዱት? የት ጋ ነው?»

ከምሰሶው በስተግራ፣ ከአሮጌው ጉድጓድ ራቅ ብሎ መሆኑን ነገረቻቸው።

«በሉ ሂዱ፤ አጥኑ።»

ለዳይሬክተሩ ደውለው የሚያማልዱን መስሎን ደስ ብሎን ተመለስን። ቀናት ሲያልፉ ግን የተሰማ ነገር አልነበረም። እሷም ከእኔ ጋር ማውራት እየቀነሰች መጣች፤ ጠዋት ግራቪሊያውን ካጠጣች በኋላ እንኳ ቶሎ አትሄድም ነበር።

በዋዜማው ጠዋት ማይክራፎን ልሞክር ቀድሜ ገባሁ። ሁለት ሰዎች በመዶሻና በድጅኖ ሲሚንቶውን ሰብረው ጨርሰው ፍርስራሹን በጆንያ እየሞሉ ነበር። ከምሰሶው በስተግራ ንጹሕ አፈር ያለው ሰፊ ጉድጓድ ተከፍቷል። ሐጂ ለማንም አልደወሉም፤ እንደ መርካቶ ነጋዴ ሠራተኛ ልከው አስጨረሱት። ዘበኛውም በሩን የከፈቱላቸው ያለምንም ክርክር ነው፤ ሲሚንቶውን ያመጣ ሰው ሲሚንቶውን ቢያስነሣ ማን ይከለክለዋል?

ዳይሬክተሩ ከበር እንደገቡ አዩት።

«ማነው ይሄን ያደረገው?» ጩኸታቸው ከአጥሩ ማዶ ይሰማ ነበር።

«ሐጂ ናቸው የላኳቸው» አሉ ዘበኛው።

ዳይሬክተሩ ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጥሩ ነው» አሉ። ጉድጓዱን አንድ ጊዜ ዞሩትና እንደገና «ጥሩ ነው» አሉ። ግራቪሊያውን መንቀሉ ቀረ። ከሰዓት በኋላ የተስተካከለ የመርሐ ግብር ወረቀት ተሰጠኝ፤ እንዲህ ይላል፦ በወላጆች የነቃ ተሳትፎ የትምህርት ቤታችን የችግኝ ተከላ ቦታ ከአንድ ወደ ሁለት በማደጉ የመቶ ፐርሰንት ዕድገት ተመዝግቧል።

በማግስቱ ቃል ሳልውጥ አነበብኩት። በኃይል ተጨበጨበ። ሐጂ ፊት ለፊት ተቀምጠው ከጎናቸው ያለውን ሰው «ምን ነው የሚለው ልጁ?» እያሉ ሲጠይቁ አይቻለሁ።

የክብር እንግዳው ነጭ ጓንት አድርገው ወደ አዲሱ ጉድጓድ ተመሩ፤ ችግኙን ተቀብለው ከነፕላስቲኩ አስቀመጡት። እሷ ከክበቡ አባላት ጋር ተሰልፋ ነበር።

«ፕላስቲኩ አልተ—» ብላ ስትጀምር የጂኦግራፊ መምህሩ ትከሻዋን ያዝ አደረጉ። ሦስት አካፋ አፈር ተጨመረ፤ ፎቶ ተነሣ። ከዚያ ሽልማት ሆነ። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ምርጥ ክበብ ተብሎ ዋንጫ ተሸለመ፤ ዋንጫውን የጂኦግራፊ መምህሩ ተቀበሉ። ለዳይሬክተሩ፣ ለኮሚቴው፣ ለተወዛዋዦቹና መርሐ ግብር ላነበብኩት ለእኔ የምስክር ወረቀት ተሰጠ። የእሷ ስም አልተጠራም። ዝርዝሩን የማነበው እኔ ስለነበርኩ እርግጠኛ ነኝ፤ አልነበረም። የእኔን ወረቀት እናቴ መስተዋት አስገብታ ሰቅላዋለች፤ ምን ሠርተህ ነው የተሸለምከው የሚል እንግዳ ሲመጣ ወሬ እለውጣለሁ።

በበነጋው የዓመቱን ውጤት ሰርተፊኬት ልንወስድ ስንሄድ እሷ በቀጥታ ወደ አዲሱ ችግኝ አመራች። ቁጢጥ ብላ አፈሩን መጫር ስትጀምር ዳይሬክተሩ ከቢሯቸው መስኮት ብቅ አሉ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ፕላስቲኩን ላወጣው ነው፣ ቲቸር። ካልወጣ ይደርቃል።»

«የክብር እንግዳ በእጃቸው የተከሉትን ልትነቅይ? ሰው ቢያይ ምን ይላል? እንዳትነኪው!»

አፈሩን መልሳ ደልደል አድርጋ ተነሣች። በትሕትና «እሺ» አለች፤ እጇን አራግፋ ሰርተፊኬቷን ልትወስድ ገባች።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆነን ዝናቡ ካቆመ በኋላ ግራቪሊያውን ብቻ ማጠጣት ቀጠለች። አዲሱን ቀና ብላም አታየውም። ወንዶቹ ይህንንም አላለፏትም።

«ገበሬዋ፣ ለአንዱ እናት፣ ለአንዱ እንጀራ እናት ሆንሽ?»

«ያኛው ባለቤት አለው» ትላለች። «ሲመጡ ያጠጡት።»

ባለቤቱ አልመጡም። ጥር ሲገባ አዲሱ ችግኝ ቅጠሉን ሙሉ ለሙሉ አራግፎ ጭራሮ ሆነ። አንድ ቀን ከሰልፍ በኋላ ማይክራፎኑን ሰብስቤ ስመለስ ዳይሬክተሩና የጂኦግራፊ መምህሩ ከጭራሮው አጠገብ ቆመዋል። ዳይሬክተሩ በጫማቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። አላዘኑም፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት እፎይታ ነበር።

«ይሄኛው እንኳን ተለቋል» አሉ። «ለሰኔ አንቸገርም።»

ከዚያ ወደ ግራቪሊያው ዞሩና ቀና ብለው አዩት። ቁመቱ ከእሳቸው በልጧል፤ ግንዱም ዘበኛው በእጃቸው ሊነቅሉት ከሚችሉት በላይ ወፍሯል። መምህሩን ይዘው ወደ ቢሮ ገቡ።