በጠላው ፋንታ ውሃ

የያዙኝ በባጃጅ ስሄድ ነው። ጭኔ ላይ በጋቢ የጠቀለልኩት የብርጭቆ ዕቃ ነበር። ወታደሮች ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሲሰፍሩ ከኬሚስትሪ ቤተ ሙከራው ላተርፍ የቻልኩት ይህንኑ ነው፤ አንድ ክብ ጠርሙስ፣ ኮንደንሰር የሚባል አንድ የእንፋሎት ማቀዝቀዣና የጎማ ቱቦዎች። የቢቸና ልጆች ከመጽሐፍ ላይ ሥዕል ሌላ የሚያዩት ነገር ይኑራቸው ብዬ እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ኬላው ላይ ጋቢውን የፈታው ወታደር ግን ወደ ኋላ ሸሸት አለና፣ "ቦምብ መሥሪያ ነው!" ብሎ ጮኸ። ሳቄ አመለጠኝ። በጥፊ መለሰልኝ።

ያስገቡኝ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ነቀዝ የበላው ስንዴና የማዳበሪያ ሽታ አንድ ላይ ጉሮሮ ይይዛል። ቆርቆሮው ቀን ያነዳል፣ ሌሊት ያንዘፈዝፋል። ለእስረኛ የተፈቀደው ውሃ ጓሮ ካለው የሲሚንቶ ገንዳ የሚቀዳ ነበር፤ ገንዳው ውስጥ ማዳበሪያ ተደፍቶበት ስለነበር ውሃው ምላስ ያቃጥላል። እንዲህ ያለውን ውሃ ማፍላት አይጠቅምም፤ የሟሟው ጨው እዚያው ይቀራል። የምንኖረው ከየቤታችን በሚመጣልን ውሃ ነበር። አንድ ቀን ጠያቂ ተከለከለ፤ ያም ቀረ።

ከጎኔ የሚተኙት የሞጣ ሰው ነበሩ። ስልሳን ያለፉ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን። የታሰሩት አረንጓዴ ጣቃ ይዘው በመገኘታቸው ነው። "ለታጣቂዎች የደንብ ልብስ ልታሰፋበት ነው ተባልኩ፤ ለመጋረጃ የታዘዘ ነበር" ብለው ነገሩኝ። ጠያቂ ከተከለከለ በኋላ ሆዳቸው አልቆም አለ። የገንዳውን ውሃ በቀመሱ ቁጥር ያስመልሳቸዋል። ከንፈራቸው ተሰነጣጠቀ። ከጠባቂዎቹ ጀሪካን ለምኜላቸው ነበር፤ ያተረፍኩት ዱላ ብቻ ነው።

በዚያው ሰሞን አዛዡ አስጠራኝ። ዕቃዬ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ፈሳሽን ከፈሳሽ መለያ ነው፣ ጌታዬ። ዲስቲሌሽን ይባላል።"

"ምኑን ከምኑ?"

"ለምሳሌ አረቄን ከጠላ።"

በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ፣ "እናቴም ታወጣለች፤ እንዲህ ያለ ጣጣ ግን የላትም" አለ። አዛዡ ገላመጠውና ወደ እኔ ዞረ። "አሳየኝ። እንዳልከው ከሆነ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ።"

ጠላ ከከተማ አስመጡ። ጓሮ ውስጥ ጠርሙሱን ከሰል ምድጃ ላይ አስቀመጥኩ፣ ኮንደንሰሩን በባሕር ዛፍ ባላ ደገፍኩ፣ የማቀዝቀዣውን ውሃ ከገንዳው በቱቦ ሳብኩ። ሙያዬ ነውና ማስተማር ጀመርኩ። አልኮሉ ከውሃው ቀድሞ በእንፋሎት ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ብርጭቆ ሲያገኘው ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል አልኳቸው። ተማሪዎቼ እንኳ እንዲህ አዳምጠውኝ አያውቁም። አዛዡ የተጠራቀመውን በማንኪያ ቀድቶ ክብሪት ሲጭርበት ሰማያዊ ነበልባል ታየ። ከዚያ የቀረውን ጠጡት።

"ነገም ታወጣልናለህ" አለኝ።

"ወደ ቤትህ ብለውኝ ነበር።"

"ትሄዳለህ። ምን አስቸኮለህ?"

ልቤ ያን ጊዜ ሞተ። ንጹሕ መሆኔን ያሳየሁበት ሥራ መልሶ እነርሱ ዘንድ አስቀረኝ። ቀን ቀን ከምድጃው ሥር እውላለሁ፣ ማታ ወደ መጋዘኑ እመለሳለሁ። ሐጂ ከቀን ወደ ቀን እየቀለሉ ሄዱ። ውሃ ማለትም ተዉ።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት አዛዡ ምድጃው ድረስ መጣ። "ለምሳ እንግዶች አሉኝ። ዛሬ ካላሳፈርከኝ ማታ ቤትህ ታድራለህ" አለኝ። እውነቱን ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። እኔ ግን አምኜዋለሁ። ሚስቴን በር ስትከፍት በዓይነ ሕሊናዬ እስካያት ድረስ አምኜዋለሁ።

ጠላው በእንስራ ቀርቦልኛል። ጠርሙሱን አነሳሁና በጠላው ፋንታ ከገንዳው ውሃ ሞላሁት። የሚንጠባጠበው ከአረቄ የሚለየው በጣዕም እንጂ በመልክ አይደለምና፣ እሱን ብቻ የሚያየው ጠባቂ ልብ አላለም። ሐጂ አረቄ የነካው ነገር እንደማይቀምሱ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ውሃውን ከመሙላቴ በፊት ዕቃውን በአመድ ፈትጌ አጥቤ ነበር። ከዚያ አፈላሁና መጀመሪያ የወጣውን ደፋሁት። ይህን ሁሉ ባላደርግ ኖሮ ምናልባት ለጠላውም ጊዜ በተረፈኝ። እንደ አረቄ በፍጥነት አይወጣም፤ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ አንድ ብርጭቆ ሞላልኝ። ሽንት ቤት ለመሄድ አስፈቅጄ፣ ብርጭቆውን በጋቢዬ ሸፍኜ መጋዘኑ ገባሁ።

ሐጂን ቀና አድርጌ አስደገፍኳቸው። አሸተቱት።

"መምህር፣ ይሄ የዚያ ዕቃ ነው?"

"አጥቤዋለሁ፣ ሐጂ። መጀመሪያ የወጣውንም ደፍቼዋለሁ።"

ትንሽ አዩኝ። "ቢስሚላህ" አሉና ጠጡ። ቀስ ብለው፣ እያረፉ። አላስመለሳቸውም። የመጨረሻዋን ጠብታ መዳፋቸው ላይ አድርገው ፊታቸውን አበሱና ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ።

እንግዶቹ ሲመጡ አረቄ የለም። አዛዡ ጠርሙሱ ውስጥ የቀረውን ቀምሶ ተፋው። ኮንደንሰሩን አንስቶ ከገንዳው ጠርዝ ጋር አላተመው። ቢቸና ውስጥ ሌላ አልነበረም። እኔ ከዚያ በኋላ ክረምቱን በሙሉ እዚያው ከረምኩ። ሐጂ በሦስተኛው ቀን አረፉ። በመሃል ያጠጣቸው ሰው የለም፤ የምንሰጣቸው ነገር አልነበረንም።

ተፈትቼ፣ መንገድ ሲከፈት ሞጣ ሄድኩ። የሐጂ ባለቤት አስከሬኑን ተረክበው ቀብረዋል፤ እንዴት እንደሞቱ የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም። መጋረጃ ሥር አስቀመጡኝና መጀመሪያ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

"መምህር፣ እንደጠማው ነው የሞተው?"

አንድ ብርጭቆ ጠጥተዋል አልኳቸው። ውሃው መጥፎ ነበር ሲባል ሰምተው ኖሮ፣ ከየት እንደተገኘ ጠየቁኝ። እሳቱን፣ እንፋሎቱን፣ ጨው ከእንፋሎት ጋር እንደማይወጣ አስረዳኋቸው። ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሱም።

"ከዚያስ በኋላ?"

"ከዚያ በኋላ ውሃ አልነበረም።"

ሻሻቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አደረጉ። "በሉ እንግዲህ፣ የጠጣበትን ቀን ይድገሙልኝ" አሉኝ።

አሁን ተመልሼ አስተምራለሁ፤ ዕቃው ስለሌለ ሰሌዳ ላይ እስለዋለሁ። ሞጣ በሄድኩ ቁጥር የሐጂ ባለቤት ዘንድ ጎራ እላለሁ፤ ሁልጊዜ ያን ቀን ያስደግሙኛል። ከእሳቱ እጀምራለሁ። ሐጂ ባዶውን ብርጭቆ ሲመልሱልኝ አቆማለሁ፤ ባለቤታቸውም ከዚያ በኋላ ስላለው አይጠይቁኝም።