ቢጫው ረድፍና አረንጓዴው በር

በዚያ ጠዋት ሞጣ፣ ከገበያው በላይ ካሉት ሱቆች ፊት የቆምነው እነዚህ ነን፦ የሳሙና ፋብሪካው የሽያጭ ሠራተኛ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፤ ሾፌሩ፣ ከፒክአፑ ሳይወርድ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፤ ባለ አረንጓዴ በር የምትባለው ባለሱቅ፣ የሱቋን ቁልፍ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፤ ጎረቤቷ አዛውንት ባለሱቅ፣ ባዶ ጀሪካን ላይ ተቀምጠው፤ የረድፉ ዳር ባለሱቅ፣ የሰው ስንቅ በጆንያ ተሸክሞ፤ እና እኔ፣ ከቢቸና የመጣሁት ቀለም ቀቢ። ስም አልጠራሁም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ቀለም መቀባት ማንም አላስተማረኝም። በጭነት መኪና ጎን የተጻፈ ፊደል እያየሁ ነው የለመድኩት። የቢቸናን ሱቆች ቢጫ ቀብቼ ስጨርስ የሽያጭ ሠራተኛው ሥራዬን ወደደውና ወደ ሞጣ ይዞኝ ሄደ። ደብረ ወርቅን ስናልፍ ወሬውን የጀመረው እሱ ነው።

«ግድግዳ የምናስቀባው ለምን ይመስልሃል?»

«ሳሙናው እንዲታወቅ።»

«ሳሙናውንማ ያውቁታል። ፋብሪካ የሳሙናውን ሽታ ይወስናል። ተፎካካሪውን፣ መንገዱን፣ የመንግሥት ቢሮውን፣ የሰውን ልብ ግን አይወስንም። የማይወስነውን ይለማመጣል።»

እንዴት እንደሚለማመጥም ነገረኝ። አንድ ከተማ ውስጥ ወንዝ ዳር የልብስ ማጠቢያ ገንዳ አሠርተዋል። ለጤና ጣቢያ የእጅ ሳሙና ይሰጣሉ። በየደረሱበት ሰው የሚሰማውን ነጋዴ ፈልገው ወኪል ያደርጉታል። አሁን ደግሞ ተፎካካሪው ቀይ ቀለሙን ይዞ ሳይመጣ ረድፉን በሙሉ ቢጫ ማድረግ ፈልገዋል።

«የኔንም ፀጉር ሊያስቀባው ነበር፤ በራ ሆኜ ነው የተረፍኩት» አለ ሾፌሩ።

ሞጣ ስንደርስ ሌሎቹ ባለሱቆች ወዲያው ተስማሙ። ባለ አረንጓዴ በሯ ብቻ ዘገየች። ከፋብሪካው ጋር መስማማቱን ትፈልገዋለች፤ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ሳሙና ለእሷ የሚደርሳት መጨረሻ ላይ ነው፤ ከተስማማች ግን የፋብሪካው መኪና በሯ ላይ ያራግፍላታል። ያስቸገራት በሩ ነው።

ከገጠር ልጆቻቸውን ሞጣ ቤት ተከራይተው የሚያስተምሩ ወላጆች በገበያ ቀን ስንቅ ያመጣሉ፤ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ። ልጆቹ ያሉበት ድረስ ለመሄድ ጊዜ ስለማይኖራቸው እሷ ዘንድ አስቀምጠው ይመለሳሉ። ልጆቹም መጥተው ይወስዳሉ። እናቶቹ የሚያውቁት አረንጓዴውን በር እንጂ ከበላዩ የተጻፈውን አይደለም። ስንቁን ካኖሩ በኋላ ጨውም ክብሪትም የሚገዙት ከእሷ ነው።

«በሩም መቀባት አለበት?» አለችው።

«በሩም ነው እናቴ። አለቃዬ ፎቶ ይፈልጋል፤ ያልተቋረጠ ረድፍ።»

«እናትህ ለመሆን እንኳ ገና ነኝ!»

አዛውንቱ ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ገና ነኝ ካልሽ ደግሞ እንደ ሙሽራ እየተሽኮረመምሽ አታቁሚን።»

በሩን በመዳፏ ዳሰሰችና «ይሁን» አለች።

በሩ ባለ ሁለት ተከፋች ብረት ነው፤ ሲከፈት ወደ ውጭ ታጥፎ ግድግዳው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ውጩንም ውስጡንም በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ ቀባሁት። ማጠፊያው ሥር እንኳ አረንጓዴ አላስቀረሁም።

የገበያው ቀን ደረሰ። ያን ቀን አመሻሽ ላይ አንዲት ተማሪ ስንቋን ልትወስድ መጣች። ስንቁ የለም። ባለሱቋ እራት አብልታ፣ ለነገም ቋጥራላት ሸኘቻት፤ ከዚያ በኋላ ግን ፊቷ አልፈታ አለ።

በማግሥቱ ጠዋት የሽያጭ ሠራተኛው ፎቶውን ሊያነሳ ሲመጣ የዳሩ ባለሱቅ ጆንያ ተሸክሞ ደረሰ።

«ትናንት አንዲት እናት ‹እንደተለመደው› ብላ ይህን ጥላልኝ ሄደች። ምን እንደተለመደ ሳልጠይቃት ለቅሶ ስለነበረብኝ ዘግቼ ወጣሁ።»

ባለሱቋ ጆንያውን ተቀበለችው። «ትናንት ልጅቷን እኔ አበላኋት። በሚመጣው ገበያ እናቶቹ ሁሉ ስንቁን በየሱቁ ሲበትኑትስ? እኔን ማን ብለው ይፈልጉኛል? በሬን መልሱልኝ፤ ሳሙናው ይቅርብኝ።»

ሠራተኛው መነጽሩን አወረደ። «መሐሉ አረንጓዴ ከሆነ ፎቶው አይሆንም። እኔም ከአለቃዬ ጋር መጣላቴ ነው።»

«ፎቶው መቼ ነው የሚነሳው?» አሉ አዛውንቱ።

«አሁን። ሱቆቹ ሳይከፈቱ፣ ሰው ሳይበዛ።»

«እናቶቹስ መቼ ነው የሚመጡት?»

«ሱቁ ተከፍቶ» አለች እሷ።

ሁላችንም በሩን አየነው። ሲዘጋ የሚታየው ውጩ ነው። ሲከፈት የሚታየው ውስጡ ነው። ከመኪናው ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ውስጡ አረንጓዴ ይሁን የሚለው ቃል ከማን አፍ እንደወጣ አላስታውስም።

ሠራተኛው መነጽሩን መልሶ ግንባሩ ላይ ሰቀለ። «የተስማማነው ከመንገድ ስለሚታየው የተዘጋ በር ነው። ውስጡን ማንም አልጠየቀኝም» አለና ፎቶውን አነሳ።

ያንኑ አረንጓዴ ሞጣ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። አዛውንቱ ከቤታቸው መስኮት የተረፈ ሰማያዊ ቀለም ሰጡኝ። ከፋብሪካው ቢጫ ጋር እየቀላቀልኩ፣ የበሩ የድሮ መልክ እስኪመጣ ድረስ በአሮጌ ጣውላ ላይ ሞከርኩ። ባለሱቋ ስታየው «ትንሽ ጠቆር አድርገው» አለችኝ፤ አጠቆርኩት።

በሚቀጥለው ገበያ በሩ ተከፍቶ አረንጓዴው ግድግዳው ላይ ታጥፎ ነበር። ያቺው እናት በረድፉ መጀመሪያ ቆም ብላ አሻግራ አየች፤ ከዚያ ቀጥ ብላ መጣች። ጆንያዋን አስቀምጣ ከባለሱቋ ጋር ስትሳሳቅ ቆየችና ሳሙና ገዛች፤ የፋብሪካውን።

የጎደለውን እዚያ የነበራችሁ ሙሉልኝ። ሐሳቡን መጀመሪያ የተናገረው ማን ነው? ሾፌሩ እኔ ነኝ ይላል፤ አዛውንቱ እሳቸው እንደሆኑ ይምላሉ። ባለሱቋን ስጠይቃት ሳሙናዋን መደርደር ትጀምራለች። የመጀመሪያው አረንጓዴስ እኔ ከቀባሁት ጋር አንድ ነው? ስንቅ ታመጡ የነበራችሁ እናቶች፣ ይህን የምታውቁት እናንተ ናችሁና ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁና ንገሩኝ።