አራት ጣት ናፍጣ

ጠርጣራ ሰው ነኝ። ሥራዬ ደግሞ አባሰብኝ። አሰብ ወደብ ሳለሁ የኪራይ መርከብ ስንረከብ ነዳጁን የምለካው፣ ገላውን ዞሬ የምመዘግበው እኔ ነበርኩ። ሲመለስም ያንኑ እደግማለሁ፤ በተወሰደበት ልክ ነዳጅ ይዞ፣ አዲስ ጭረት ሳይጨመርበት መመለስ አለበት። የመርከብ ሰዎች ሁሉም ይምላሉ። እኔ ግን «ጠርጥር፣ ገንፎም ይኖረዋል ስንጥር» እያልኩ ጫፉ ላይ ክብደት ያለበትን ሜትር ወደ ማጠራቀሚያው እሰዳለሁ። ከዚያ በፊት መርከቡ ማጋደል አለማጋደሉን ሳላይ ቀርቼ አላውቅም። ሲያጋድል ነዳጁ ወደ አንድ ወገን ይሸሽና ልኩ ይዋሻል።

በኋላ የአሰብ ሙቀት ለጤናዬ አልስማማ ሲል ወደ አዲስ አበባ ተዛወርኩ። ቤቴ ኮልፌ ሆነ፤ ሥራዬ አየር ጤና አጠገብ፣ መንግሥት የሚከራያቸው የጭነት መኪናዎች የሚፈተሹበት ግቢ። ያው ሥራ ነው፤ በሜትሩ ፈንታ ምልክት የተጫረበት የእንጨት ዘንግ ያዝኩ። ናፍጣ በኩፖን የሚታደልበት ዘመን ስለነበር ሾፌር ከጨበጠኝ በኋላ የናፍጣ ሽታ ይኖረው እንደሆነ እጄን አሸት ነበር።

አንድ ቀን አባቴ የሚሆኑ የጎጃም ሰው፣ ስንዴ ከአሰብ አምጥተው ካራገፉ በኋላ መኪናቸውን ሊያስፈትሹ ገቡ። ሁልጊዜ የምንለካው በሩ አጠገብ ነው። ያን ቀን ቦታው ተይዞ ስለነበር ከታች፣ ከመታጠቢያው በርሜል አጠገብ አቆሙት። ዘንጌን ሰደድኩ። ሲወጡ ከነበረው አራት ጣት ጎድሏል።

«አባባ፣ ናፍጣው የት ሄደ?»

«የት ይሄዳል ልጄ? እንደ ወሰድኩት ሞልቼ ነው የመጣሁት።»

«ጎድሏል እኮ።»

«እንግዲያው ዘንግህን ጠይቀው።»

መልሳቸው የሌባ ድፍረት መሰለኝ። ከመቀመጫቸው ኋላ ባዶ ጄሪካን አገኘሁ፤ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ናፍጣ የማይሸት የሾፌር ጄሪካን የት አለ? ያን ጊዜ ግን ይህን አላሰብኩም። «አራት ጣት ጎድሏል» ብዬ ፈረምኩ። በዚያ ዘመን ይህ አሻጥር ይባል ነበር። አመሻሽ ላይ የቀበሌ ጥበቃዎች መጥተው ወሰዷቸው። እኔ ቤቴ ገብቼ ደህና እንቅልፍ ተኛሁ፤ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ባለቤታቸው ምሳ ዕቃ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። «የት ወሰዳችሁብኝ?» አሉኝ። ወደ ቀበሌው ጠቆምኳቸውና እጄን ልታጠብ ወደ በርሜሉ ወረድኩ። ሌሊት የጣለው ዝናብ ሞልቶታል። ውሃው በአንድ በኩል ሊፈስ ደርሷል፤ በሌላው በኩል ከበርሜሉ አፍ ዝቅ ብሏል። ጣቴን አስገብቼ ለካሁ። አራት ጣት።

ቀና ብዬ መኪናቸውን አየሁ። መኪናው አፍንጫውን ወደ ዳገቱ አዙሮ ቆሟል፤ ዘንግ የሚገባበት ቀዳዳ ከማጠራቀሚያው ፊት በኩል ስለሆነ ናፍጣው ወደ ኋላ ሸሽቷል። ስንት መርከብ ሲያጋድል ያየሁ ሰው፣ መሬት ያጋድላል ብዬ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ብናገር ደግሞ ቀጥሎ የምጠረጠረው እኔ ነኝ። ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ። ግን የሴትዮዋ ምሳ ዕቃ ከዓይኔ አልጠፋ አለኝና ወደ ቀበሌው ሄድኩ።

ሊቀመንበሩ ጉዳዩን ሰምቶ የፈረምኩበትን ወረቀት አወጣ። «ጓድ፣ ትናንት ጎድሏል ብለህ ፈረምክ። ዛሬ ሙሉ ነው ትላለህ። ሌሊት ማን ሞላው?»

«ሰው ላክና ዓይኑ እያየ ልለካው» አልኩት።

ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ አብሮኝ መጣ። መኪናውን በሩ አጠገብ፣ ሜዳው ላይ አስቁመን ለካሁ። ናፍጣው ልክ ምልክቱ ላይ ነበር። እንዲህም ሆኖ ሰውዬውን የፈቷቸው በአምስተኛው ቀን ነው። ከወረቀት ላይ ስም ቶሎ አይፋቅም።

በሳምንቱ ለሌላ ጉዞ መኪናቸውን ሊያስፈትሹ መጡ፤ ከስተዋል። ሰላምታ አልሰጡኝም። ከጋቢናው ግማሽ ድረስ ውሃ ያለበት ጠርሙስ አውጥተው መሬቱ ላይ አጋደሙትና ቁጢጥ ብለው ውሃው ረግቶ ወደ አንድ ወገን አለመሸሹን እስኪያዩ ጠበቁ።

«አሁን ለካ» አሉኝ።

ለካሁ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስል ዘንጉን ከእጄ ተቀብለው ምልክቱን ራሳቸው አዩ። ከዚያ እጄን ያዝ አድርገው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር።